የኋላ ፓራፋንጎ

ክረምት ሲገባ የውድድር ብስክሌቱን ለዝናብ አሰናዳው። ወፈር ያለ ጎማ አስገባ፤ ከፊት ጎማው በላይ ጭቃ የሚመልስ ፓራፋንጎ አሰረ። የኋላውን ግን ፈትቶ ጣለው። የገዛ ጀርባው ቢጨቀይም ግድ የለውም፤ ከኋላ የሚከተለው ይሄይስ ፊቱን ይታጠብበት! ያ ጥገኛ ዓመቱን ሙሉ በእሱ ጀርባ ከነፋስ እየተከለለ መጨረሻ ላይ ቀድሞት ይገባል። ቡድኑ ውስጥ የቀረችው ደግሞ አንዲት ቦታ ናት፤ ዛሬ ጠዋት ልምምድ ላይ ትለያለች።

ጉም መንገዱን ውጦታል። ዳገቱን ሲጀምር አንድ ብስክሌተኛ ከኋላው ተለጠፈ። መጣልኝ ብሎ ኩሬ እየመረጠ ገባበት።

«ጠጣ!» አለ ሳይዞር። «ጣፈጠህ አይደል? ገና የእንጦጦን ጭቃ በሙሉ አበላሃለሁ፣ አንተ መዥገር!»

ከኋላው ሳል ተሰማ።

ዳገቱ አናት ላይ የአሰልጣኙ መኪና አልፋቸው ቆመች። ከሾፌሩ ወንበር ይሄይስ በደረቅ ቱታ ወረደና ፎጣ ይዞ ከኋላ ወደነበረው ጭቃ የለበሰ ብስክሌተኛ ሮጠ።

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ እኔን ተከትለው ይፈትኑኛል?»

አሰልጣኙ አፋቸው የገባውን ጭቃ ተፉ።

«ያንተ ብስክሌት የኋላ ፓራፋንጎ አለው?»