በአሮጌው መጽሔት ውስጥ ያለው ስም

ባለቤቴ ፈለቀ በልጅነቱ የወደዳቸውን የባለካባ ጀግና የሥዕል መጽሔቶች ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀመ ይሰበስባል። እኔም ኖርስክ፣ የኖርዌይን ቋንቋ፣ ማንበብ የምለማመደው በእነሱ ነው።

ዛሬ ልጃችን ሃይሚ ከመወለዷ በፊት የታተመ አንዱን ስገልጥ፣ አንድ ቃል ፊደል ሳልቆጥር አነበብኩ። የእሷ ስም ነበር፤ እዚህ በአዋቂዎች ትምህርት ቤት መጀመሪያ መጻፍ የተማርኩት እሱን ነው።

«ፈለቀ፣ ጀግናው ሃይሚን ይጣራል።»

«አንቺ ደግሞ፣ የትም ልጅሽ ናት የምትታይሽ። ይህን እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ።» በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየና ፈገግታው ጠፋ።

ቀሪውን ድምፅ ሳላሰማ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፦ «ከበረንዳው ዝለይ፤ እቀልብሻለሁ።»

የምንኖረው አመሩድ የሚባል ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው።

ከበረንዳው የሃይሚ ድምፅ ተሰማ፤ የምታናግረው እኛን አልነበረም።

በኖርስክ፣ «አዎ፣ መጣሁ» አለች።