ሦስት ቋጠሮ
«እመቤቴ፣ ጃኬቱ እዚሁ ጎረቤት አገር የተሰፋ ነው፤ ቀረጥ የለበትም» አለ ነጋዴው አፉን ሞልቶ። የጉምሩክ ፈታሿ ስንቱን አይታለች፤ እንዲህ ዓይኑን በጨው ያጠበ ግን አልገጠማትም። አንገትጌውን ገልብጣ፣ የተሠራበት አገር የተጻፈበትን ጨርቅ በመቀስ ጫፍ መተርተር ጀመረች። ከሥሩ የሌላ ሩቅ አገር ስም ብቅ አለ።

«ይሄኛው ስም ደግሞ በራሱ የበቀለ ነው?» አለችው ከንፈሯን ጠምዝዛ።

የቀረውን ልትተረትር መቀሷን መለሰች። በእጅ የተሰፋው ክር ግን መጨረሻው ላይ አልላቀቅ አላት፤ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። እጇ ባለበት ቀረ። ክር እንዲህ የምትቋጥር አንዲት ሴት ብቻ ታውቃለች፤ ዛሬ ጠዋት የደንብ ልብሷን ቁልፍ የሰፋችላትን እናቷን።

ነጋዴው ደረቷ ላይ ያለውን፣ እንደዚያው ሦስት ጊዜ የተቋጠረውን ቁልፍ አየት አድርጎ ፈገግ አለ።

«የእማማ ስፌት መቼም አይለቅም፣ ልጄ» አላት።