ጀልባና ነዳጅ

የነፍስ አድን ሥራው አስተባባሪ በሁለት ስልኮች፣ በቀኝ ጆሮዋ ጀልባ ያለውን መሥሪያ ቤት፣ በግራዋ ነዳጅ ያለውን ይዛ ነበር። አንዱ ኃላፊ “ነዳጁ ይምጣ እንጂ ወዲያው እንነሳለን” ይላል፤ ሌላው “ጀልባ መመደባቸውን ራሳቸው ያሳውቁን፤ በአንቺ ቃል አንንቀሳቀስም” ይላል። የአንዱን ለሌላው ስታመላልስ ምላሷ ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ድምፅ ማጉያው እንደተከፈተ በተቀመጠው ሦስተኛ ስልክ፣ ከጎርፉ ሸሽቶ ተማሪዎቹን ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ያወጣው ርዕሰ መምህር መልስ ይጠብቃል።

“በሉ እናንተው ተነጋገሩ!” አለችና የአንዱን ስልክ መስሚያ ከሌላው መናገሪያ ገጥማ በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘቻቸው።

“ሃሎ?”

“ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ? ጠፋህ እኮ!”

“ሥራው መቼ ፋታ ይሰጣል ብለህ! ልጆች እንዴት ናቸው?”

“ደህና ናቸው፣ ይመስገን። ትልቁማ በቁመት በልጦኛል!” ሳቃቸው ከእጇ መሃል አፈትልኮ ክፍሉን ሞላው።

“ጌቶቼ፣ ጀልባው!” ብላ ጮኸች።

“አንዴ እህቴ፣ እየተነጋገርን እኮ ነው።”

ሦስተኛው ስልክ ውስጥ ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

“እህቴ” አለ ቀስ ብሎ፣ “ስለ ልጆች ተጠያይቀው ሲጨርሱ፣ የእኔዎቹ ግን ውሃው እግራቸው ጋ ደርሷል በይልኝ።”