በማገዶ ነው የበሰለው?

ታምሩ የአጥሚቱን ማንኪያ ወደ እናቱ ከንፈር ሲያስጠጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪሙ «ቤቷ ትረፍ» ብሎ ከሚዛን ሆስፒታል ከመለሳቸው ወዲህ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰችም።

«በማገዶ ነው የበሰለው ወይስ በዚያ በጉድህ?» አለች።

ታምሩ አጥሚቱን በማንኪያው አማሰለ። እሷ «ጉድ» የምትለውን ባዮጋዝ፣ ከእበት በሚወጣ ጋዝ የሚነደውን ምድጃ፣ የሠራው የማድቤት ጭስ የእሷን ዓይን ካጠፋው በኋላ ነበር፤ በዚያውም ደኑ ይተርፋል ብሎ። ጉድጓዱን በላም እበትና በቡና ገለፈት ሞላው፤ አልበቃ ሲለው ግን የሽንት ቤቱን ቱቦ አገናኘበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ እሳት የበሰለ ነገር በእናቱ አፍ አልዞረም። ዓይነ ስውሯ ሴት ለብቻዋ ጉልቻ ጎልታ፣ እንጨቱን በዳሰሳ እየማገደች ትቀቅል ነበር።

«ንገረኝ እንጂ! ከሽንት ቤት የወጣ ከምበላ ጦሜን ብሞት ይሻለኛል።»

በሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ ሰሎሜ አንድ ፍልጥ አንስታ አሳየችው። ሳምንት ሙሉ ያላባራው የቴፒ ዝናብ አርሶት እንኳን ሊነድ ውሃው ይንጠባጠባል።

«በማገዶ ነው፣ እማዬ» አለ። ዋሽቷት አያውቅም ነበር።

እናቱ አፏን ከፈተች። አንዱን ዋጠች፤ ሁለተኛውንም።

«አጥሚት ማለት ይሄ ነው! ጌታ ይባርክህ፣ ልጄ። የማገዶ ነገር! ያ የሽንት ቤት እሳትህ እንዲህ አጣፍጦ ያበስላል?»

ታምሩ ባዮጋዙን ከሠራ ጀምሮ ይህን ምርቃት ሁለት ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል።

«አያበስልም፣ እማዬ» አለና ማንኪያውን እንደገና ሞላ።