አባትሽ ስንት ሰዓት ይመጣል?

የመምህሯ እናት የሸሚዙን አንገት ተኩሰው ጨርሰው እጅጌው ላይ ሲደርሱ ካውያውን አቁመው ቀና አሉ። "አባትሽ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?"

መምህሯ የምታርመውን የፈተና ወረቀት ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እናቷ አያስታውሱም፤ የመርሳት ሕመሙ ከሁሉ አስቀድሞ የወሰደባቸው ያንን ቀን ነው።

ታናሽ እህቷ ለዚህ ጥያቄ መልስ አታጣም። "መንገድ ላይ ነው" ትላቸዋለች፤ እናትየውም ፊታቸው በርቶ፣ እያንጎራጎሩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። "ምን ቸገረሽ?" ትላለች እህትየው። "ደስ ብሏት ዋለች አይደል?"

መምህሯ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ፍልስፍና ያስተማረች ሰው ናት። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ትጽፋለች፤ በውሸት ላይ የቆመ ደስታ ደስታ ነው ወይ? ጭኗ ላይ ያሉት ወረቀቶችም የዚሁ ጥያቄ መልሶች ናቸው። ባለፈው ሳምንት፣ ያስተማርኩትን ልኑርበት ብላ በር ላይ እንደቆመች እውነቱን ተናገረች። እናቷ ገና መርዶ እንደሰማ ሰው ጮኸው አለቀሱ። እራት ሳይቀርብ ረስተውት ነበር። ከእሷ ጆሮ ግን ያ ጩኸት እስካሁን አልወጣም።

"አንቺን እኮ ነው" አሉ እናቷ።

"እየመጣ ነው፣ እማዬ" አለች።

እናቷ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀሉ። ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና ትክ ብለው አዩአት። ይህን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ልጅ ሳለች ብርጭቆ ሰብራ በድመቷ ስታሳብብ የሚያዩአት እንዲህ ነበር።

"ውሸት ድሮም አትችይበትም" አሉ። "ሞቷል፣ አይደል?"

መምህሯ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

እናትየው አልጮኹም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "አንዳንዴ አውቀዋለሁ" አሉ። "ልብስ ሳጣጥፍ፣ ድንገት ትዝ ይለኛል። ያኔ እናንተ 'መንገድ ላይ ነው' ስትሉኝ፣ ለኔ ብቻ የሞተ ይመስለኛል።"

"ደስ እንዲልሽ ብለን ነው እኮ።"

"ይለኛል። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኛል።" ትንሽ ፈገግ አሉ። "ግን ሃምሳ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሳላለቅስለት ልቅር?"

"እንደገና ትረሺዋለሽ፣ እማዬ። ነገም ትጠይቂኛለሽ።"

"ነገም ንገሪኛ። ግን በር ላይ ቆመሽ አይደለም። እንዲህ አጠገቤ ቁጭ በይና ንገሪኝ። አብረን እናልቅስ፣ ከዚያ ልርሳው።"

በቀብሩ ዕለት መምህሯ ወንበር ስታስመጣ፣ እንግዳ ስትቀበል፣ እህቷን ስታባብል ነው የዋለችው፤ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም ነበር። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ፈተና አለ፣ ስብሰባ አለ፣ የእናቷ መድኃኒት አለ። አሁን ሁሉም ባንዴ መጣባት። ጎንበስ ስትል ወረቀቶቹ ከጭኗ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ማንም አላነሳቸውም።

እናቷም እያለቀሱ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ትንሽ ቆይተው ከኪሳቸው መሐረብ አወጡና የልጃቸውን አፍንጫ ያዙ።

"ተናፈጪ" አሉ።

የሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሴት እንደታዘዘችው ተናፈጠች።