ለክብሩ የተጫነ ፈረስ

ወንድሜ ይሄይስ ከፈረሱ ሆድ ሥር ጎንበስ ብሎ እኔ ያጠበቅሁትን የኮርቻ ጠፍር ይዳብሳል። ያውም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት! ደሜ ይፈላል።

የእንጅባራ ፈረሰኞች ዛሬ የተሰበሰቡት እሱን ለማክበር ነው። በምህንድስና ተመርቆ ዕድሜውን አውሮፕላን ጥገና ላይ የጨረሰ፣ መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት የመጨረሻውን ፍተሻ የሚያደርግ የአገር ልጅ ነው ብለው ካባ ደርበውለታል። የቀረው በተሸለመ ፈረስ ሜዳውን መዞር ብቻ ነው። ፈረሱን የመጫን ክብር ደግሞ ለእኔ ለታላቁ ተሰጠ። በእኛ ዘንድ ታላቅ የጫነውን ፈረስ መፈተሽ «እጅህን አላምነውም» ማለት ነው።

ነገረ ሥራው ከመጣ ጀምሮ አላማረኝም። መናኸሪያ ልቀበለው ብሄድ፣ ባጃጅ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ቤት ገብቶ የአልጋውን እግር ነቀነቀ። ያን ጊዜ ስቄ አለፍሁት። ዛሬ ግን የተጠረጠርሁት እኔ ነኝ። ማን ምን ነግሮት ይሆን? «ወንድምህ ቀንቶብሃል፣ ሊጥልህ ይፈልጋል» ያለው ሰው ይኖር ይሆን?

«የባዘዘው እጅም ይጠረጠራል እንዴ?» ይላል አንዱ ከኋላዬ፣ ስሜን ጠርቶ።

«ኢንጂነር፣ ምን ጠፋብህ?» ይላሉ አያ ቢሻው፣ የፈረሰኞቹ አለቃ።

ይሄይስ ቀና ይላል። እኔን አያየኝም። «አያ ቢሻው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈረስ ከተቀመጥሁ ስንት ዘመኔ! ፈርቻለሁ። ልጓሙን ይዤ በእግሬ ልዙር።»

ሜዳው በሳቅ ያውካካል። «ሰማይ ላይ የሚውለው ሰውዬ ፈረስ ፈራ!» ትላለች ጎረቤታችን ይታይሽ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን አላምነውም። ልጅ ሆኖ ያለ ኮርቻ ሲጋልብ አሳድጌዋለሁ፤ ይሄይስ ፈረስ አይፈራም። የፈራው እኔን ነው።

«አንተ ካልወጣህ እኔ እወጣዋለሁ!» እላለሁ። እግሬን እርካቡ ውስጥ ሳስገባ ክንዴን ጨምድዶ ይይዘኛል።

«ጋሼ፣ እንዳትወጣ» ይላል በሹክሹክታ፣ ለሰው እየሳቀ። «ጠፍሩ በውስጥ በኩል ተቀዷል። ማንም አላየም። ዝም በልና አብረን እንምራው።»

እጄን ኮርቻውን ካለበሰው ግላስ ሥር እሰዳለሁ። እውነቱን ነው። ጣቴ ቅዳዱ ውስጥ ይገባል፤ የያዘው አንድ ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው። ትናንት በቅቤ ሳሸው የውጭ ፊቱን ብቻ ነበር ያየሁት።

«ካባውን ይመልስ!» እያሉ ያሾፉበታል። ይሄይስ ካባውን ሰብስቦ ልጓሙን ለመቀበል እጁን ይዘረጋልኛል። ፊቱ ላይ ቅሬታ የሚባል ነገር የለም። አፍራለሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ልጓሙን አልሰጠውም። ጠፍሩን መፍታት እጀምራለሁ።

«ተው ጋሼ፣ በፈጠረህ!»

ጠፍሩን መዝዤ አወጣና የተቀደደውን ፊት ወደ ሰዉ አዙሬ ከራሴ በላይ ከፍ አደርገዋለሁ። «የጫንሁት እኔ ነኝ!»

ሳቁ ከፊት ካሉት ጀምሮ እየጠፋ ይሄዳል። አያ ቢሻው ከፈረሳቸው ይወርዳሉ። እኔ ግን ጠፍሩን አላወርደውም።