የሶልያና ፈጣን ጣቶች

«በሰፈሩ እንደ እኔ ጣቱ የሚፈጥን አለ እንዴ?» ትል ነበር ሶልያና። እውነትም የጓደኞቿ ጌም እየተቆራረጠ ሲያናድዳቸው፣ የእሷ እንደ ውሃ ይፈስሳል። በዚያ ዘመን የኔትወርክ መዘግየት አይጠፋም ነበር፤ ከቤተሰቡ ወደ አንዱ ሰው ሰውነት ይዛወራል እንጂ። እሷ የጌሟን መዘግየት እንዲሸከምላት አባቷን አስመዘገበች። «ጡረታ ወጥቶ የለ? የት ለመድረስ ይቸኩላል?»

አንድ ቀን አባቷ ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆው ሞልቶ እጁ ላይ ፈሰሰ። እሱ ግን ምንም እንዳልተሰማው መቅዳቱን ቀጠለ።

«አባዬ፣ አንደኛ ወጣሁ!» ብላ ዘለለች ሶልያና።

«ወይኔ እጄን!» አለ አባቷ፣ ማንቆርቆሪያው ባዶ ከሆነ በኋላ።

እናቷ ሮጣ መጥታ የተላጠውን እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ አሸነፍኩ እኮ...» አለች ሶልያና፣ ድምጿ እየሰለለ።

«ጣትሽ አልፈጠነም» አለቻት እናቷ። «አባትሽ ነው የዘገየው። አሁን ተነሺና ሻዩን ጥረጊ!»